ላስ ቬጋስ ውሃ ያልቅባታል ወይ? ስለ ሳሩ ሕግ፣ ስለ ሚድ ሐይቅና ስለ ግቢያችን ዛፎች

ጠያቂያችን የሚኖሩት ኔቫዳ፣ ላስ ቬጋስ ከተማ፣ በአንድ የታውንሃውስ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር (ኤች ኦ ኤ) ሰሞኑን ደብዳቤ ልኮላቸዋል። ደብዳቤው በመንገድ ዳርና በየቤቱ ፊት ያለው ሳር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2026 መጨረሻ ተነስቶ እንደሚያልቅ፣ ለዚህም ከወርሃዊው ክፍያ ሌላ መዋጮ ሊጠየቅ እንደሚችል ይገልጻል። ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦ «ሆቴሎቹ ፏፏቴ እያፈሰሱ የእኛ ሳር ለምን ይነቀላል? ውሃው እውነት እያለቀ ከሆነስ ቤታችንን ዋጋው ሳይወርድ ሸጠን ብንወጣ አይሻልም? በሳሩ መሀል ያሉት ትልልቅ ዛፎችስ ምን ይሆናሉ?»

በውሃ ምክንያት ቤትዎን አይሽጡ። ሳሩ መነሳቱ ትክክል ነው፤ የግዛቲቱ ሕግም ቢሆን ምርጫ አይሰጥም። ከሁሉም በላይ ሊያሳስብዎ የሚገባው ሦስተኛው ጥያቄዎ ነው። ብዙ ግቢዎች ሳሩን አሳምረው አንስተው ዛፎቻቸውን አድርቀዋል። በዚህ በረሃ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ማድረቅ ደግሞ በሰው ጤናና ሕይወት ላይ የሚመጣ ጉዳት ነው። ምክንያቱን ከሥሩ ላስረዳ።

የኔቫዳ ችግር የሚጀምረው ከ1922 ነው። በዚያ ዓመት የኮሎራዶን ወንዝ የሚጋሩት ሰባት ግዛቶች ውሃውን ለመከፋፈል ተዋዋሉ። ውሉ ተፋሰሱን የላይኛውና የታችኛው ብሎ ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ በዓመት 7.5 ሚሊዮን ኤከር ፉት መደበ። አንድ ኤከር ፉት 325,851 ጋሎን ወይም 1,233 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በ1928 የወጣው የፌዴራል ሕግ የታችኛውን ተፋሰስ ድርሻ ሲያከፋፍል ለካሊፎርኒያ 4.4 ሚሊዮን፣ ለአሪዞና 2.8 ሚሊዮን ሰጥቶ ለኔቫዳ 300,000 ኤከር ፉት ብቻ አደረሳት። ያኔ ላስ ቬጋስ የባቡር መስመር የፈጠራት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በወንዙ ዳር ይህ ነው የሚባል የእርሻ መሬት ስላልነበራት ድርሻው ለዘላለም የሚበቃ መስሎ ታየ። ዛሬ ክላርክ ካውንቲ ብቻውን ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። ድርሻው ግን ያው 300,000 ነው።

ሌላው የውሉ ጉድለት ከዚህ ይብሳል። በ1944 ለሜክሲኮ የተሰጠው 1.5 ሚሊዮን ሲደመር በወረቀት ላይ የተከፋፈለው 16.5 ሚሊዮን ኤከር ፉት ይሆናል። ወንዙ ግን ከ2000 ወዲህ በአማካይ የሚሰጠው 12 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በታችኛው ተፋሰስ ካሉት ሐይቆች ላይ በትነት የሚጠፋውም ለረጅም ጊዜ ከማንም ድርሻ ላይ አልተቀነሰም። የሮኪ ተራሮች በረዶ በደህና ዓመት እንኳ ሲቀልጥ፣ የደረቀውና የሞቀው አፈር ብዙውን ይመጠዋል፤ ወንዙ ጋ የሚደርሰው ያንሳል። በ2000 መጀመሪያ፣ ሁቨር ግድብ ወንዙን አግዶ የፈጠረው የሚድ ሐይቅ የውሃ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,214 ጫማ ገደማ ነበር። በጁላይ 2022 ወደ 1,040 ጫማ ወረደ፤ ሐይቁ በ1930ዎቹ ከተሞላ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

እንግዲህ የደቡብ ኔቫዳ ውሃ 90 በመቶው ከዚህ ሐይቅ የሚመጣ ከሆነ ከተማዋ እንዴት ቆመች? መልሱ የሕጉን ሁሉ ቁልፍ ይዟል፦ ኔቫዳ የምትጠየቀው ከሐይቁ ባወጣችው ሳይሆን አውጥታ ባልመለሰችው ውሃ ነው። በመታጠቢያ ቤት፣ በኩሽና፣ በሽንት ቤት፣ በሆቴል ክፍል የፈሰሰ ውሃ በፍሳሽ መስመር ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ከተጣራ በኋላ ላስ ቬጋስ ዋሽ በሚባለው ወንዝ በኩል ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። በተመለሰው ልክ ከተማዋ እንደገና ማውጣት ይፈቀድላታል። ጠዋት ተበድሮ ማታ የሚመልስ ሰው ዕዳ እንደሌለበት ማለት ነው። በሕንፃ ውስጥ የምንጠቀምበት ውሃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይመለሳል። ሳር ላይ የተረጨው ግን ወደ አየር ሄደ፤ አይመለስም።

ስለዚህ የሻወር ደቂቃ መቁጠር የቤትዎን ሂሳብ ይቀንሳል እንጂ ሐይቁን አያድንም። የሚያድነው የውጭው ውሃ ነው። የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን ስሌት እንደሚያሳየው አንድ ስኩዌር ፊት ሳር በዓመት 73 ጋሎን ይጠጣል፤ በረሃ በሚችሉ ተክሎችና በጠብታ መስኖ የተተካ ያው ቦታ 18 ጋሎን ይበቃዋል። ልዩነቱ በስኩዌር ፊት 55 ጋሎን ነው። ግቢዎ ለምሳሌ 40,000 ስኩዌር ፊት ሳር ካለው በዓመት 2.2 ሚሊዮን ጋሎን ማለት ነው።

የሆቴሎቹ ፏፏቴም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። ቅሬታው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን አያግዘውም። የቤላጂዮ ሆቴል ፏፏቴ ያለበት ሐይቅ የሚሞላው ከሚድ ሐይቅ ሳይሆን፣ በቦታው ከነበረ የጎልፍ ሜዳ ጋር በመጣ የቆየ የጉድጓድ ውሃ መብት ነው። የሆቴል ክፍሎቹ ፍሳሽም ተጣርቶ ይመለሳል። በሆቴሎችና በትልልቅ ሕንፃዎች በኩል ሊያሳስበን የሚገባው ጣሪያ ላይ ያለው በትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ያ ውሃ ልክ እንደ ሳሩ አየር ላይ ይቀራል፤ ከሳርና ተክል ማጠጣት ቀጥሎ ትልቁ ብክነትም እሱ ነው። በ2023 በላስ ቬጋስ ሸለቆ ውስጥ ለሚሠሩ አዳዲስ የንግድና የኢንዱስትሪ ሕንፃዎች ይህ ዓይነቱ ማቀዝቀዣ መከልከሉ ከሳሩ ሕግ ያላነሰ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ የሚነሳው ግን ከስንት አንዴ ነው። ጎልፍ ሜዳዎችም ከ2024 ጀምሮ በኤከር የሚፈቀድላቸው ከ6.3 ወደ 4 ኤከር ፉት ወርዷል። አዲስ የመኖሪያ ቤት መዋኛ ገንዳ በክላርክ ካውንቲ ከ600 ስኩዌር ፊት እንዳይበልጥ ተወስኗል። እርስዎ ብቻ አልተነኩም።

ቤቱን መሸጥ ወይስ መቆየት ለሚለው ደግሞ የሚከተለውን ይያዙ። የሚድ ሐይቅ ከ895 ጫማ በታች ከወረደ ሁቨር ግድብ ወደ ታች፣ ወደ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያና ሜክሲኮ፣ ውሃ ማሳለፍ አይችልም። ላስ ቬጋስ ግን ከዚያ በታችም መሳብ ትችላለች። በ1,050 ጫማ ላይ የነበረው የመጀመሪያው የውሃ መሳቢያ ቧንቧ በኤፕሪል 2022 ከውሃ በላይ ወጥቶ ታይቷል። ያኔ ከተማዋ ያልደነገጠችው ከሐይቁ ሥር፣ በ860 ጫማ ላይ፣ የተቆፈረው ሦስተኛው መሳቢያ በ2015 ተጠናቆ ስለነበር ነው። ለዝቅተኛ ወለል የተሠራው የፓምፕ ጣቢያም በዚያው በ2022 ሥራ ጀመረ። ሁለቱ አንድ ላይ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅተዋል፤ ወጪው በከፊል የተሸፈነው ከእርስዎ የውሃ ሂሳብ ላይ ነው። በአካል ካየነው፣ ከሚድ ሐይቅ ውሃ ከሚያገኙት ከተሞች ቧንቧዋ ከሁሉም በኋላ የሚደርቅባት ላስ ቬጋስ ናት።

መሳብ መቻልና የመሳብ መብት ግን ይለያያሉ፤ መብቱ የሚወሰነው በድርድር ነው። ሐይቁ ሲወርድ የፌዴራል መንግሥት እጥረት ያውጃል። የመጀመሪያው በኦገስት 2021 ታውጆ ለ2022 የኔቫዳ ድርሻ በ21,000 ኤከር ፉት ተቀነሰ፤ በ2023 ቅናሹ 25,000 ደረሰ። ያም ሆኖ ኔቫዳ በ2023 የተጠቀመችው ወደ 188,000 ብቻ ነው፤ ከተቀነሰው ድርሻ እንኳ በብዙ ያንሳል። በ2002 ወደ 325,000 ተጠቅማ ከድርሻዋ አልፋ ነበር። በመካከሉ ሕዝቡ ከ700,000 በላይ ጨምሯል። በአሜሪካ ምዕራብ እንዲህ ያለ ውጤት ያሳየ ትልቅ ከተማ ማግኘት ይከብዳል፤ ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው ሳር ማንሳት ነው።

እጥረት ሲኖር ማን ስንት ይቀንስ የሚለው የ2007 መመሪያ ዘመኑ የሚያበቃው በ2026 ነው። በማርች 2024 የታችኛው ተፋሰስ ግዛቶች ከሜክሲኮ ጋር በዓመት 1.5 ሚሊዮን ኤከር ፉት የሚቀንስ ሐሳብ ሲያቀርቡ ከዚያ ውስጥ የኔቫዳ ድርሻ 50,000 ነበር። ይህ ቢጸና እንኳ 250,000 ይቀራታል፤ ዛሬ ከምትጠቀመው ይበልጣል። የሚያሰጋው የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ሳይስማሙ ቀርተው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ ነው። የ1922ቱን ውል ቃል በቃል መተርጎም ከተጀመረ ማን ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

እዚህ ላይ ፖለቲከኞች የሚሸሿት ሐቅ አለች። ኔቫዳ ከወንዙ የያዘችው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ላስ ቬጋስ ነገ ጠዋት ቧንቧዋን ሙሉ በሙሉ ብትዘጋ የኮሎራዶ ወንዝ ችግር አይፈታም። ሰው ከወንዙ ከሚወስደው ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሄደው ለእርሻ ነው፤ ከዚያም ብዙው አልፋልፋን ለመሰለ የከብት መኖ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ አንድ የመስኖ ወረዳ፣ ኢምፔሪያል፣ በዓመት 3.1 ሚሊዮን ኤከር ፉት የመጠቀም መብት አለው። የኔቫዳን ድርሻ አሥር እጥፍ ማለት ነው። መብቱ የቆየ ስለሆነ በሕግ የበላይነት አለው፤ በክረምት የአገሪቱ የአትክልት ገበያም በእሱ ይቀለባል። ስለዚህ የእርስዎ ሳር የሚነሳው ወንዙን ለማዳን ነው የሚል ሰው አጋንኗል። የሚነሳው ይህች ከተማ በትንሽ ድርሻዋ ውስጥ እየኖረች፣ ሙቀቱም ሕዝቡም ሲጨምር፣ ለድርድር ስትቀመጥ የሚወቅሳት እንዳይኖር ነው። ይህ በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

አማራጭ ተሞክሯል። ባለሥልጣኑ ከ1989 ጀምሮ ከምሥራቅ ኔቫዳ ሸለቆዎች የከርሰ ምድር ውሃ በረጅም ቧንቧ ሊያመጣ ሲሟገት ቆይቶ በ2020 ትቶታል። መተዉ ጥሩ ሆነ። የግዛቲቱ የከርሰ ምድር ውሃ ራሱ ተጨንቋል፤ ዩሬካ አጠገብ ያለው ዳይመንድ ሸለቆ በዓመት በተፈጥሮ የሚተካለት 30,000 ኤከር ፉት ሲሆን የተሰጠው ፈቃድ 126,000 ነበር። ገበሬዎቹ ራሳቸው በየዓመቱ የሚቀንስ ዕቅድ አውጥተው የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 አጽንቶላቸዋል።

ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ሕጉ ኤቢ 356 ይባላል፤ የወቅቱ ገዥ ስቲቭ ሲሶላክ በጁን 2021 ፈረሙበት። ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮ በባለሥልጣኑ አባል ድርጅቶች በኩል በሚመጣ የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ጥቅም የሌለው ሳር ማጠጣት ይከለክላል። አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት ቤት የግል ጓሮና ፊት ለፊት አይመለከተውም። እንደ እርስዎ ያለ በኤች ኦ ኤ የሚተዳደር የጋራ ቦታ፣ አፓርታማ፣ ሱቅ፣ ቢሮ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የመንገድ አካፋይ ግን ይመለከታቸዋል። ጥቅም የሌለው የሚባለው ሰው የማይቀመጥበት፣ ልጅ የማይጫወትበት፣ የሚረግጠው አጫጁ ብቻ የሆነ ሳር ነው።

ሁሉም ሳር ግን አይነሳም፤ ኤች ኦ ኤዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የስፖርት ሜዳ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የውሻ ማንሸራሸሪያ፣ ነዋሪዎች የሚጠቀሙበት የመዝናኛ ሳር የየራሳቸው መስፈርት ወጥቶላቸው ሊቆዩ ይችላሉ። ሥራ ተቋራጩ «ሁሉም ይነሳ» ቢል አያስደንቅም፤ የሚከፈለው በስኩዌር ፊት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የግቢው ካርታ ይውጣና እያንዳንዱ የሳር ቁራጭ ይቆይ ወይስ ይነሳ የሚለው ከባለሥልጣኑ የምደባ ዝርዝር ጋር በጽሑፍ ይመሳከር። መሀል ግቢ ያለችውን፣ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉባትን ሳር ማቆየት ከቻላችሁ አቆዩአት።

ከዚያ ማበረታቻው ይመጣል። ባለሥልጣኑ ሳር ለሚያነሳ በስኩዌር ፊት ገንዘብ ይከፍላል። ለረጅም ጊዜ ለመጀመሪያው 10,000 ስኩዌር ፊት 3 ዶላር ነበር፤ መጠኑና ለማን ስንት የሚለው ይለዋወጣልና በጀታችሁን የዕለቱን ዋጋ በጽሑፍ ሳትይዙ አትሥሩ። ቅደም ተከተሉ ግን የማይለወጥ ነው፦ መጀመሪያ ማመልከት፣ ቀጥሎ ባለሙያ መጥቶ ሳሩን እንዳለ ማየትና መለካት፣ የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል፣ ከዚያ ብቻ መንቀል። ሳሩን አስቀድሞ የነቀለ ግቢ ገንዘቡን ያጣል፤ በትልቅ ግቢ ይህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሥራው ሲያልቅም ይፈተሻል፦ ተክሎቹ ሲያድጉ የቦታውን ቢያንስ 50 በመቶ መሸፈን አለባቸው፣ ውሃው በጠብታ መስኖ መሆን አለበት። ድንጋይ ብቻ አፍስሶ ገንዘቡን መውሰድ አይቻልም።

አሁን ዛፎቹ። በሳር መሀል ያደገ ዛፍ፣ ለምሳሌ በቬጋስ ግቢዎች የበዛው አሽ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው ለሳሩ ከተረጨው ነው። ስፕሪንክለሩ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚረጭ ሥሩ ወደ ታች መውረድ አላስፈለገውም፤ ከላይ ተዘርግቶ ቀርቷል። በብዙ ቦታ ደግሞ ካሊቺ የሚባል እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ንብርብር ከሥር ስላለ ቢፈልግም አይወርድም። ስፕሪንክለሩ ሲዘጋ ውሃው በአንድ ቀን ይቋረጣል። ተቋራጩ ግንዱ ሥር ሁለት የጠብታ ማንጠባጠቢያ ይተክልና ይሄዳል። ስሌቱን እዩት፦ በሰዓት 2 ጋሎን የሚሰጥ ማንጠባጠቢያ ሁለት፣ ለግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፤ ድምሩ 6 ጋሎን ነው። የቅርንጫፉ ስፋት 20 ጫማ የሆነ ዛፍ በጁላይ ሙቀት የሚፈልገው በሳምንት ወደ 200 ጋሎን ነው።

ዛፉ ወዲያው አይሞትም፤ ለዚህ ነው ማንም ተጠያቂ የማይሆነው። በመጀመሪያው በጋ ቅጠሉ ከጠርዙ ይቃጠላል፣ ጫፉ ይሳሳል። ተባይ የሚገባው ሲዳከም ነው። በሁለተኛው በጋ ይደርቃል፤ ያኔ ተቋራጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ ዓመት አልፎታል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ዛፎቹ ከቁጥቋጦዎቹ የተለየ የራሳቸው ቫልቭ ይኑራቸው። ቁጥቋጦ አጭርና ቶሎ ቶሎ፣ ዛፍ ረዥምና አልፎ አልፎ ስለሚጠጣ በአንድ ቫልቭ ሁለቱን ማስማማት አይቻልም። የዛፉ መስመር ሥራ ላይ የሚውለው ሳሩ ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ሁለቱም አብረው ቢሠሩ መልካም ነው። ማንጠባጠቢያዎቹ ግንዱ ጋ አይደረደሩም፤ ውሃውን የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ከግንዱ ርቆ፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ሥርና ከዚያም አልፎ ነው። ስለዚህ ቱቦው በዛፉ ዙሪያ በሁለት ወይም ሦስት ክብ ይዘረጋል። ለ20 ጫማው ዛፍ በሰዓት 2 ጋሎን የሚሰጡ 20 ማንጠባጠቢያዎች በሰዓት 40 ጋሎን ይሰጣሉ፤ በጁላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሰዓት ተኩል ከተከፈተ 200 ጋሎን ሞላ። በክረምት በጣም ይቀነሳል። ያው የዛፉ ጥላ ያረፈበት ቦታ፣ 314 ስኩዌር ፊት ገደማ፣ ሳር ቢሆን በዓመት ወደ 23,000 ጋሎን ይጠጣ ነበር፤ ዛፉ ግን ዓመቱን ሙሉ የጁላይን 200 ጋሎን በየሳምንቱ ቢጠጣ እንኳ 10,400 ጋሎን ነው። ስለዚህ «ውሃ ልንቆጥብ ነው ዛፉን ያስጠማነው» የሚል ሰው ሂሳቡን አልሠራም።

ውሃው ምን ያህል እንደወረደ ለማወቅ፣ ካጠጡ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቀጭን የብረት ዘንግ አፈሩ ውስጥ ይግፉ። በእርጥብ አፈር በቀላሉ ይገባል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ለዛፍ ሁለት ጫማ መውረድ አለበት። በስድስት ኢንች ከቆመ ጊዜው ይርዘም እንጂ ቀኑ አይብዛ። የሐይቁ ውሃ ጨዋማ ነው፣ በሊትር 600 ሚሊግራም አካባቢ የሟሟ ማዕድን አለበት። በትንሽ በትንሹ ሲጠጣ ጨው ከላይ ተከማችቶ ሥሩን ያቃጥላል፤ ጥልቅ ማጠጣት ጨውንም ያጥባል።

መሣሪያው ላይ የማይታለፉ ሁለት ዕቃዎች አሉ፤ ማጣሪያና የግፊት መቀነሻ። የስፕሪንክለር መስመር እንዳለ ወደ ጠብታ ሲቀየር ግፊቱ ለጠብታ ወደሚስማማው፣ 25 ወይም 30 ፒኤስአይ፣ ካልወረደ ማንጠባጠቢያዎቹ እየተፈናጠሩ ይወጣሉ፤ ጠጠሩ ስለሚሸፍነው ፍሳሹ ለወራት አይታይም። ማጣሪያ ከሌለ ደግሞ በአሸዋ ይደፈናሉ። ተቋራጩ ቱቦውን በጠጠር ከመሸፈኑ በፊት መስመሩን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ውሉ ላይ ጻፉ። ከሁሉም ምክሮች አንዱን ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

ሳሩን የማንሳቱ ሥራም ዛፍ ይገድላል። ሳር መቁረጫ ማሽን ወይም ቦይ መቆፈሪያ ከቅርንጫፉ ሥር ካለፈ ላይኛውን ሥር ይበጣጥሰዋል፤ እዚያ በእጅና ሳይጠልቅ ይሠራ። ቤርሙዳ ሳር ከሆነ ከመሬት በታች ስለሚሄድ የሳር ማጥፊያ መድኃኒቱ የሚሠራው ለምለም ሆኖ ሲያድግ ነው። በክረምት ቡናማ ሆኖ ተኝቶ ሳለ የተረጨ መድኃኒት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በፀደይ በጠጠሩ መሀል ብቅ ይላል። ፌስኩ የሚባለው ሳር ግን ውሃ ሲቋረጥበት ይሞታል። አዲስ ተክል መትከያው ጥሩ ጊዜ ከኦክቶበር ጀምሮ ነው፤ በጁን የተተከለ ብዙ አይተርፍም። አዲስ ዛፍ ስትመርጡ ሜስኪት፣ ደዘርት ዊሎው፣ ቻይኒዝ ፒስታሽ ለዚህ ሙቀት የሚሆኑ ናቸው። ከዛፍ ሥር በጠጠር ፈንታ የተፈጨ እንጨት ሦስት ኢንች ይደልደል፤ ጠጠር ሙቀት ይዞ ያድራል። ሰው ሠራሽ ሳር ውሃ አይፈልግም፤ በበጋ ከሰዓት ግን ልጅ በባዶ እግሩ ሊረግጠው በማይችል ደረጃ ይግላል።

ይህን ሁሉ ስለ ዛፍ የጻፍኩት በምክንያት ነው። በጁላይ 7፣ 2024 ላስ ቬጋስ 120 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 49 ሴልሺየስ ደረሰ፤ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። በዚያው ዓመት በክላርክ ካውንቲ ሙቀት ምክንያት የሆነበት ሞት ከ500 በላይ ነው። ከተማዋ እስከ 2050 ድረስ 60,000 ዛፍ ልትተክል አቅዳለች። ሃያ ዓመት ያደገውን በአንድ የመስኖ ስህተት እያደረቅን ችግኝ መትከል ትርጉም የለውም፤ የሳሩ ሕግ ትልቁ ጉድለትም ዛፉን ለየግቢው ጥንቃቄ መተዉ ነው። ሳር አንሺው ለነባር ዛፍ የመስኖ ዕቅድ አስቀድሞ እንዲያቀርብ በሕግ መገደድ ነበረበት።

ስለ መዋጮው ደግሞ፦ በኔቫዳ ኤች ኦ ኤ የሚመራው በግዛቲቱ ሕግ ምዕራፍ 116 ነው። ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናት ማሠራት ግዴታ አለበት፤ እርስዎም በቦርዱ ስብሰባ ተገኝተው አስተያየት የመስጠት መብት አለዎት። በከተማዋ ያለው ማኅበረሰባችን ትልቅ ነው። በ2023 ካውንቲው ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ሠፈር እስከ መሰየም ደርሷል። በየግቢው ስብሰባ ግን የሚቀመጠው ጥቂት ሰው ነው፤ መዋጮው የሚወሰነው እዚያ ነውና ይሂዱ። ሲሄዱም እነዚህን ይጠይቁ፦ ሕጉ ከ2021 ጀምሮ እየታወቀ ለሳሩ ገንዘብ ለምን አልተያዘም? ለማበረታቻው ማመልከቻ ገብቷል ወይ፣ ፈቃዱስ በጽሑፍ አለ? ዋጋ ያቀረቡት ተቋራጮች ስንት ናቸው? የዛፎቹ ቫልቭ በዋጋው ውስጥ ተካቷል? ዛፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ቢደርቅ የሚተካው ማነው? ከውሃ ሂሳብ የሚተርፈውስ የት ይገባል? በ1,000 ጋሎን 5 ዶላር ብንወስድ ከላይ የጠቀስኩት 40,000 ስኩዌር ፊት በዓመት ወደ 11,000 ዶላር ያተርፋል። ስለዚህ መዋጮው በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ በጥቂት ዓመታት ተከፋፍሎ ከቁጠባው እንዲቀነስ ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ።

የግቢው ሳር እስኪነሳ ድረስም ሕጉ ይሠራል። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ በሳምንት አንድ ቀን፣ በማርችና ኤፕሪል እንዲሁም በሴፕቴምበርና ኦክቶበር ሦስት ቀን፣ በበጋ እስከ ስድስት ቀን ማጠጣት ይፈቀዳል፤ እሑድ ፈጽሞ አይቻልም፣ በበጋም ከጠዋቱ 11 ኤኤም እስከ 7 ፒኤም ስፕሪንክለር አይከፈትም። ውሃ አስፋልት ላይ ሲፈስ ካዩ ፎቶ አንስተው ለግቢው አስተዳዳሪ በጽሑፍ ይላኩ፤ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 80 ዶላር ሆኖ በተደጋገመ ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ የሚከፈለውም ከእናንተው ኪስ ነው።